ሞኒተራችሁ 75 ሄርዝ ይችል ይሆን? ሪዞሉሽንና ሪፍሬሽ ሬትን በሶፍትዌር ማስተካከል

ሞኒተር ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ መጀመሪያ የሚያደርገው ራሱን ማስተዋወቅ ነው። ስሜ ይሄ ነው፣ የተሠራሁት በዚህ ዓመት ነው፣ እነዚህን ሪዞሉሽኖች (የስክሪን ነጥቦች ብዛት) በዚህ በዚህ ሄርዝ (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ፣ ሪፍሬሽ ሬት የሚባለው) ማሳየት እችላለሁ ይላል። ይህ መረጃ ኢዲአይዲ ይባላል። ዋናው ክፍሉ 128 ባይት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ የምታዩት የሪዞሉሽን ዝርዝር በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህች ቁራጭ መረጃ ነው።

ጣጣው የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ዝርዝሩ አንዳንዴ ጨርሶ ኮምፒውተሩ ጋ አይደርስም። አንዳንዴ ይደርሳል ግን ያጥራል፤ ፋብሪካው 60 ሄርዝ ብሎ የጻፈለት ሞኒተር 75 ሲችል ይገኛል። አንዳንዴ ደግሞ ዝርዝሩ ምንም አላጠፋም። እናንተ ናችሁ ሌላ ነገር የፈለጋችሁት፣ ለምሳሌ ለጌም 1280 በ960። የሦስቱም መፍትሔ ይለያያል። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ችግር ይዞ የሁለተኛውን መፍትሔ ሲሞክር ይውላል። ስለዚህ ምንም ሶፍትዌር ሳታወርዱ ከቀላሉ እንጀምር።

መጀመሪያ የዊንዶውስን ሴቲንግ እዩ

ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ውስጥ ግቡ። ከሪዞሉሽኖቹ አንዱ አጠገብ «ሪኮመንድድ» የሚል ቃል ታያላችሁ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ በትክክል ያሉት ነጥቦች ቁጥር ነው። በዛሬዎቹ ጠፍጣፋ ስክሪኖች ላይ ከእሱ ውጪ ያለው ሁሉ ትንሽም ቢሆን ይደበዝዛል። ለሥራና ለንባብ ከሆነ እሱን አትልቀቁ።

ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» የሚለውን ክፈቱ። ዊንዶውስ 11 ላይ «ቹዝ ኤ ሪፍሬሽ ሬት» የሚል ሳጥን አለ። ከፍተኛውን ቁጥር ምረጡ። እዚህ ላይ አለቀ የሚሉ ብዙ ናቸው። 144 ሄርዝ ሞኒተር ገዝቶ ለወራት በ60 ሲጠቀም የሚኖር ሰው እናንተ ከምትገምቱት በላይ ነው። ሞኒተሩ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል ብለው ይጠብቃሉ፤ ብዙ ጊዜ አይወጣም።

እዚያው ገጽ ላይ ሁለት መስመሮችን አስተውሉ። አንዱ «ዴስክቶፕ ሞድ» ይላል፣ ሌላው «አክቲቭ ሲግናል ሞድ»። የመጀመሪያው ዊንዶውስ የሚሥልበት ሪዞሉሽን ነው። ሁለተኛው በኬብሉ በኩል እውነት የሚወጣው ነው። ሁለቱ የማይመሳሰሉ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚሥለው የኮምፒውተሩ ክፍል) መሀል ገብቶ ምስሉን እየለጠጠ ነው ማለት ነው። ይህችን ቦታ አትርሷት፤ ኋላ ላይ እንፈልጋታለን።

ቁጥሩ ምን ትርጉም እንዳለው ባጭሩ፦ በ60 ሄርዝ አዲስ ምስል የሚመጣው በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው። በ75 በየ13.3፣ በ144 ደግሞ በየ6.9። ከ60 ወደ 75 መውጣት ማውዝ ስታንቀሳቅሱና ገጽ ስታወርዱ ይታወቃል፤ ግን ተአምር አትጠብቁ። ከ60 ወደ 144 ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው።

1024 በ768 ላይ ከተጣበቀ ኬብሉን ጠርጥሩ

ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት 800 በ600 እና 1024 በ768 ብቻ ከሆኑ፣ ጽሑፉም ሁሉ ወፍሮ ከታየ፣ ሞኒተሩ ራሱን አላስተዋወቀም ማለት ነው። ለማረጋገጥ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ገብታችሁ «ሞኒተርስ» የሚለውን ክፈቱ። «ጄነሪክ ነን ፒኤንፒ ሞኒተር» የሚል ካገኛችሁ ወንጀለኛው ተገኘ።

ባለ ሰማያዊ ጫፉን የቪጂኤ ኬብል ብዙ ቢሮና ኢንተርኔት ቤት ውስጥ አሁንም ታገኙታላችሁ። 15 ፒን አለው። ከእነሱ መካከል 12ኛውና 15ኛው ሥራቸው ምስል ማስተላለፍ አይደለም፤ የሞኒተሩን መረጃ ማድረስ ነው። ርካሽ ኬብል ላይ እነዚህ ሁለት ሽቦዎች ላይኖሩ ይችላሉ። ያረጀ ኬብል ላይ ደግሞ ይቆረጣሉ ወይም ፒኑ ይታጠፋል። ምስሉ ይመጣል፣ ስም ግን አይመጣም። ዊንዶውስም የማያውቀውን ሞኒተር ላለማበላሸት ዝቅተኛውን ይሰጣል። አንድ ምስል ለሁለት ስክሪን የሚያካፍሉ ትንንሽ ሳጥኖችና ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይሩ አዳፕተሮችም አንዳንዴ ይህንኑ ያደርጋሉ።

መፍትሔው ሌላ ኬብል ተውሳችሁ መሞከር ነው። ከዚያ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያዝ የሚያስችለውን ሶፍትዌር) መጫን። ድራይቨር ያልተጫነለት ኮምፒውተር ላይ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ስም ታያላችሁ፤ እሱ ባለበት ስለ ሪፍሬሽ ሬት ማውራት ከንቱ ነው። ኬብልም ተቀይሮ፣ ድራይቨርም ተጭኖ ካልተስተካከለ ብቻ ነው ወደ ካርዱ መቆጣጠሪያ የምትሄዱት።

ኬብሉ ስንት ይሸከማል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። 60 ሄርዝ የሚለውን ሞኒተር ወደ 75 ልታወጡት ፈለጋችሁ። ሊያስቆማችሁ የሚችለው ሞኒተሩ ብቻ አይደለም፤ መስመሩም ነው። ይህን ለማወቅ አንዲት የማባዛት ሒሳብ ትበቃለች።

ስክሪኑ ላይ የምታዩት 1920 በ1080 ነጥብ ነው። በኬብሉ የሚያልፈው ግን ከዚያ ይበልጣል። ገበሬ ትልሙ ጫፍ ሲደርስ በሬዎቹን የሚያዞርበት ቦታ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ ሲግናሉም በየመስመሩ መጨረሻና በየምስሉ መጨረሻ ትርፍ ቦታ ይወስዳል። ይህ ከድሮው ባለ ትልቅ ቱቦ ሞኒተር የተወረሰ ነው። በተለመደው የቴሌቪዥን አሠራር 1920 የነበረው ከነትርፉ 2200 ይሆናል፣ 1080 የነበረው ደግሞ 1125።

እንግዲህ አባዙ። 2200 በ1125 በ60 ሲባዛ 148,500,000 ይመጣል። ይህ 148.5 ሜጋ ሄርዝ ነው፣ ፒክስል ክሎክ ይባላል። በ75 ብታባዙት 185.6 ሜጋ ሄርዝ ይሆናል።

አሁን የመስመሩን አቅም እዩ። ነጠላው (ሲንግል ሊንክ) ዲቪአይ የሚባለው የቆየ የሞኒተር መሰኪያ የሚፈቀድለት 165 ሜጋ ሄርዝ ድረስ ነው። የቀድሞዎቹ ኤችዲኤምአይ እስከ 1.2 ያሉትም እንዲሁ 165 ናቸው። ኤችዲኤምአይ 1.3 እና 1.4 ወደ 340 ከፍ ይላሉ፣ 2.0 ደግሞ 600። ስለዚህ 185.6 በአሮጌ ዲቪአይ ወግ ባለው መንገድ አያልፍም።

ግን ትርፉን መቀነስ ይቻላል። ሶፍትዌሮቹ ውስጥ «ሲቪቲ ሪዱስድ ብላንክ» የሚል ምርጫ አለ። እሱ ለጠፍጣፋ ስክሪን ተብሎ ትርፉን ያሳንሳል። በእሱ 75 ሄርዝ ሲሰላ ጠቅላላው 2080 በ1119 ነው፤ ፒክስል ክሎኩም ወደ 174.5 ይወርዳል። አሁንም ከ165 ይበልጣል። በ70 ሄርዝ ግን 2080 በ1116 ሆኖ 162.5 ገደማ ይመጣል። አለፈ! ነጠላ ዲቪአይ ያለው ሰው «75 እምቢ አለኝ፣ 70 ግን ሠራ» ሲል ብትሰሙ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይቺ ሒሳብ ናት። ካርዱና ሞኒተሩ ከወጉ አለፍ ብለው 174ን የሚቀበሉበት ጊዜም አለ። ያ ግን ዕድል ነው።

ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተር በኤችዲኤምአይ 1.4 ሰክታችሁ 120 ላይ ከቆመም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። 144 በዚያው አሠራር ሲሰላ 346.5 ሜጋ ሄርዝ ይፈልጋል፤ መስመሩ የሚችለው 340 ነው። ለስድስት ሜጋ ሄርዝ! ዲስፕሌይ ፖርት የሚባለው ሌላ መሰኪያ ካለው ወደ እሱ ቀይሩና ተገላገሉ።

ቪጂኤ ከዚህ ሒሳብ ውጪ ነው። እሱ አናሎግ ስለሆነ ቁጥሩ ሲጨምር ምስሉ ቀስ እያለ ይደበዝዛል እንጂ ቁርጥ ብሎ አይቆምም። ሪፍሬሽ ሬት በቀየራችሁ ቁጥር ሞኒተሩ ላይ ያለውን «ኦቶ» ቁልፍ ተጫኑ፤ አለበለዚያ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ሊቀመጥ ይችላል።

ከመንካታችሁ በፊት መውጫውን አዘጋጁ

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የተሳሳተ ቁጥር ስትሰጡት ስክሪኑ ይጨልማል፣ ወይም ሞኒተሩ «ኦውት ኦፍ ሬንጅ» ብሎ ይጽፋል። ያኔ መደናገጥ የለም። የምትይዙት ይህን ነው፦

ከዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ የቀየራችሁት ከሆነ እጃችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁ። «ኪፕ ቼንጅስ» የሚለውን ካልነካችሁ በ15 ሰከንድ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ችግሩ ሰው ሲጨልምበት ኢንተር ይመታል። ኢንተር ደግሞ «ይሁን» ማለት ሊሆን ይችላል።

ስክሪኑ ከደረቀ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ። ድራይቨሩ እንደገና ይነሳል። ፋይል አይጠፋባችሁም።

ሌላ ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን አጠገባችሁ ይኑር። የምትቀይሩት ነገር የሚመዘገበው በዚያ ሞኒተር ስም ብቻ ስለሆነ ሌላ ስክሪን ስትሰኩ ምስል ታገኛላችሁ። ላፕቶፕ የሚነካካ ሰው ይህን አይዝለል። የራሱን ስክሪን ነቅሎ ሌላ መሰካት አይችልምና ከጎኑ ተጨማሪ ሞኒተር ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው መውጫ ሴፍ ሞድ ነው፤ ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ድራይቨሮች ብቻ የሚነሳበት መንገድ። ምንም ካልታያችሁ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፓወሩን ተጭናችሁ አጥፉት፤ ይህን ደጋግማችሁ ስታደርጉ ዊንዶውስ ራሱ የጥገናውን ገጽ ያወጣል። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ «ሪስታርት»፣ ቀጥሎ 4 ቁጥር። የዊንዶውስ 10 እና 11 ሴፍ ሞድ እንዲህ ነው የሚገኘው።

ዕቃው ይበላሻል ወይ? ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ከአቅሙ በላይ ሲሰጡት ብዙ ጊዜ የሚያደርገው እምቢ ማለት ነው። የድሮውን ባለ ቱቦ ሞኒተር ግን ተዉት፤ ከአቅሙ በላይ መንዳት ውስጡን ሊያቃጥለው ይችላል። ዋስትና ያለው አዲስ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካው ከጻፈው ውጪ መውጣታችሁን አስቡበት።

የካርዱ የራሱ መቆጣጠሪያ

የኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ «ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል»ን ክፈቱ። «ቼንጅ ሪዞሉሽን» ውስጥ «ከስተማይዝ» የሚል ቁልፍ አለ። ከላይ ያለችውን «ኢኔብል ሪዞሉሽንስ ኖት ኤክስፖዝድ ባይ ዘ ዲስፕሌይ» የምትለውን ሳጥን ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ «ክሪኤት ከስተም ሪዞሉሽን»። ስፋት፣ ቁመትና ሪፍሬሽ ሬት ጻፉ። ከታች «ታይሚንግ» የሚለው ላይ «ሲቪቲ ሪዱስድ ብላንክ» ምረጡና «ቴስት» በሉት። ስክሪኑ ጨለም ብሎ ከተመለሰ ይቀበላችኋል፣ ካልተመለሰ ራሱ ወደኋላ ይመልሰዋል። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው፤ መፈተኛው አብሮት አለ።

ላፕቶፕ ላይ ግን ይህ ገጽ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ድራይቨር ጎድሎ አይደለም። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ስክሪኑ የተያያዘው ከኤንቪዲያው ካርድ ጋር ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ግራፊክስ ጋር ስለሆነ ነው።

የኤኤምዲ ካርድ ላይ «አድሬናሊን»ን ክፈቱና «ዲስፕሌይ» ውስጥ «ከስተም ሪዞሉሽንስ» የሚለውን ፈልጉ። ኢንቴል ላይ «ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር» ውስጥ ዲስፕሌይ በሚለው ሥር ተመሳሳይ ነገር አለ። ሁለቱም ይሠራሉ። ኢንቴሉ ግን «ይህ ከአቅም በላይ ነው» እያለ ብዙውን ሲመልስባችሁ ታያላችሁ።

ሲአርዩ፦ ዝርዝሩን ራሱን ማረም

የካርዱ መቆጣጠሪያ እምቢ ሲል ወይም ቋሚ ነገር ስትፈልጉ «ከስተም ሪዞሉሽን ዩቲሊቲ» ይመጣል። ባጭሩ ሲአርዩ ይሉታል። ነፃ ነው፣ ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ቶስቲኤክስ በሚል ስም የሚታወቅ ሰው የሠራው ነው። የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው። ሞኒተሩ ያቀረበውን ዝርዝር ቅጂ ዊንዶውስ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ) ውስጥ ያስቀምጣል፣ እናንተም ቅጂውን ታርማላችሁ። ካርዱ ከዚያ በኋላ የሚያነበው የእናንተን ነው። ሞኒተሩ ውስጥ የተጻፈው አይነካም።

1. ከሠሪው ከራሱ ገጽ አውርዱት። ሶፍትዌር ከሚያጠራቅሙ ገጾች አታውርዱ፤ ሌላ ነገር አስከትለው ይጭናሉ። ዚፑን አንድ ፎልደር ውስጥ ፍቱት። መጫን የለም። ውስጡ ከሲአርዩ ሌላ «ሪሴት ኦል»፣ «ሪስታርት» እና «ሪስታርት 64» የሚባሉ ፋይሎች አሉ። ፎልደሩን አትጣሉት፤ «ሪሴት ኦል» መውጫችሁ ናት።

2. ሲአርዩን ክፈቱ። ከላይ የሞኒተሮች ዝርዝር አለ። ድሮ ሰክታችሁ የነበሩትም ሊታዩ ይችላሉ። አሁን የተሰካው «አክቲቭ» የሚል አለው፤ እሱን ምረጡ።

3. ምንም ሳትነኩ ከታች «ኤክስፖርት» ብላችሁ ያለውን አስቀምጡ።

4. «ዲቴይልድ ሪዞሉሽንስ» የሚለውን ሳጥን እዩ። የመጀመሪያው መስመር ሞኒተሩ ዋናዬ ነው ያለው ሪዞሉሽን ነው። አትሰርዙት፣ ቦታውንም አትቀይሩት። ከሥሩ «አድ» ተጫኑ።

5. 1920፣ 1080 እና ሪፍሬሽ ሬቱ ላይ 65 ጻፉ። አዎ፣ 65፤ 75 አይደለም። «ታይሚንግ» ላይ «ሲቪቲ» ሆኖ «አርቢ» የሚለውን ምረጡ። ከታች ፒክስል ክሎኩ ተሰልቶ ይታያል። ቅድም ካባዛነው ጋር አስተያዩት። ለመስመራችሁ ከበዛ ከአሁኑ ታውቁታላችሁ።

6. «ኦኬ» በሉ። ዋናውንም መስኮት በ«ኦኬ» ዝጉት። በኤክስ ምልክቱ ከዘጋችሁት የደከማችሁበት ሁሉ ከንቱ ነው።

7. «ሪስታርት 64»ን ክፈቱ። ስክሪኑ ጥቂት ሰከንድ ይጨልማል፣ ይመለሳል። ካልተመለሰ ኤፍ8 ስትጫኑ ያረማችሁትን ለጊዜው ትቶ ወደ ደህናው ይመልሳችኋል።

8. «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ ግቡና 65ን ምረጡ። ሞኒተሩ የራሱ ቁልፍ ካለው ሜኑውን አውጥታችሁ ስንት ሄርዝ እንደሚል አንብቡ። እውነተኛው ምስክር እሱ ነው።

65 ከሠራ መስመሩን «ኤዲት» ብላችሁ ወደ 70 አውጡት፣ ከዚያ ወደ 75። ከዚያ በላይ አንድ አንድ እያላችሁ። በአንዴ 90 ብሎ መሞከር የት ላይ እንደተበላሸ እንዳታውቁ ነው የሚያደርጋችሁ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ቦታ የለም ካላችሁ ዋናው ክፍል ሞልቷል ማለት ነው። ከታች «ኤክስቴንሽን ብሎክስ» ውስጥ «ሲቲኤ 861» የሚለውን ከፍታችሁ እዚያ ጨምሩ። ያንን ብሎክ ግን ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ እንዳትሰርዙት። በኤችዲኤምአይ የሚመጣው ድምፅ ፈቃዱን የሚያገኘው ከእሱ ነው። ስክሪኑ ሠርቶ ድምፁ ጠፋ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያደረገው ይህን ነው።

የኤንቪዲያውን ከስተም ሪዞሉሽንና ሲአርዩን አንድ ላይ አትደባልቁ። አንዱን ምረጡ። ሁለቱም ካሉ የትኛው እየሠራ እንደሆነ ማወቅ ያቅታችኋል። ሌላው፣ የቆየ የኢንቴል ግራፊክስ ላይ ሲአርዩ የጻፈውን ድራይቨሩ ላይቀበለው ይችላል።

75 ሆነ ማለት 75 አሳየ ማለት አይደለም

ይህን ክፍል ብዙ መመሪያ ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። አንዳንድ ሞኒተር 75 ሄርዝ ሲግናል ይቀበላል፣ ሜኑው ላይም 75 ብሎ ይጽፋል፣ ግን ፓነሉ (ምስሉን የሚያሳየው ስክሪን ራሱ) አሁንም 60 ብቻ ያሳያል። የተረፈውን ይጥለዋል። ያኔ ከ60ው የባሰ መንገጫገጭ ታገኛላችሁ፤ ኮምፒውተሩ 75 ይልካል፣ ዓይናችሁ የሚያየው የተቆራረጠ ነው።

ማጣሪያው ስልካችሁ ነው። «ቴስት ዩኤፍኦ» የሚባለው ገጽ ላይ «ፍሬም ስኪፒንግ» የሚል ፈተና አለ። በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ላይ አንድ ነጭ ሳጥን በተራ እየዘለለ ይሄዳል፣ በእያንዳንዱ ምስል አንድ ቦታ። የስልኩን ካሜራ ወደ «ፕሮ» ሞድ ቀይሩና ሸተር ስፒዱን አንድ አሥረኛ ሰከንድ አድርጉ። ስልኩን ደገፍ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ።

በ75 ሄርዝ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት ሳጥን መብራት አለበት። ፎቶው ላይ የበሩት ሳጥኖች ተያይዘው ከተደረደሩ ሞኒተራችሁ እውነትም 75 ነው። መሀላቸው ጥቁር ክፍተት ካለ ግን እየዘለለ ነው። ወደ 72 ዝቅ አድርጉና እንደገና አንሱ፤ ከዚያ 70። ክፍተቱ የሚጠፋበት ቁጥር የሞኒተራችሁ ትክክለኛ ልክ ነው። ጭራሽ ካልጠፋ 60 ላይ ተቀመጡ፤ ምንም አልቀረባችሁም።

ፎቶው ካለፈ በኋላ ጥቁር ግራጫ ምስል ሙሉ ስክሪን ከፍታችሁ ጥቂት ቆዩ። ብልጭ የሚሉ ነጠብጣቦች፣ የሚሮጡ ቀጫጭን መስመሮች ወይም በየመሀሉ ለአንድ ሰከንድ መጥፋት ካያችሁ ኬብሉ ወይም ፓነሉ ተጨንቋል። አንድ ሁለት ሄርዝ መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ዝቅ ማድረግስ?

ሁሉም ሰው ወደ ላይ አይፈልግም። ደከም ያለ ካርድ ያለው ሰው ጌም ሲከፍት 1920 በ1080 ይከብደዋል። 1600 በ900 ቢያደርገው ካርዱ የሚሥላቸው ነጥቦች በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳሉ። ካውንተር ስትራይክ የሚጫወቱ ልጆች ደግሞ 1280 በ960 አድርገው ምስሉን ወደ ጎን ይለጥጡታል፤ ሰዎቹ ወፍረው ስለሚታዩ ለማነጣጠር ይመቻል ይላሉ። የልምድና የጣዕም ነገር ነው።

ይህ የሚወሰነው «ስኬሊንግ» በሚባለው ቦታ ነው። በካርዱ መቆጣጠሪያ ውስጥ «ፉል ስክሪን» ካላችሁ ይለጠጣል። «አስፔክት ሬሾ» ካላችሁ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ቅርጹን ይጠብቃል። ሥራውን ማን ይሥራው የሚልም አለ፤ ጂፒዩው (ግራፊክስ ካርዱ) ወይስ ሞኒተሩ። ጂፒዩ ብላችሁ ከመረጣችሁ በኬብሉ የሚወጣው ያው 1920 በ1080 ነው። ቅድም አትርሷት ያልኳችሁ «አክቲቭ ሲግናል ሞድ» ላይ ይህን ታዩታላችሁ። ለአብዛኛው ሰው ጂፒዩው ይሻላል፤ ሞኒተሩ የማያውቀው ሪዞሉሽን ስለማይደርሰው ኦውት ኦፍ ሬንጅ የሚባል ጣጣ የለም።

ጥቂት የተረፉ ነገሮች

ቴሌቪዥን እንደ ሞኒተር የምትጠቀሙ ከሆነና ታስክባሩ ከስክሪኑ ውጪ ከተቆረጠ፣ አዲስ ሪዞሉሽን አትፍጠሩ። የቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ የምስል መጠን የሚለውን «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» አድርጉት። ስሙ እንደየፋብሪካው ይለያያል። የኤኤምዲ ካርድ ከሆነ «ኤችዲኤምአይ ስኬሊንግ» የሚለውን ወደ ዜሮ ጎትቱት። በኤችዲኤምአይ ሰክታችሁ ቀለሙ የታጠበ ከመሰለ ደግሞ ኤንቪዲያ ላይ «አውትፑት ዳይናሚክ ሬንጅ» የሚለውን «ፉል» አድርጉ። ጥቁሩ ጥቁር ይሆናል።

ፍሪሲንክ (ሪፍሬሽ ሬቱን ጌሙ ከሚያወጣው ፍሬም ጋር የሚያመሳስል ነገር) ያለው ሞኒተር ካላችሁ፣ ፍሪሲንኩ የሚሠራበትን የሄርዝ ክልልም በሲአርዩ ማስፋት ይቻላል። ክልሉ ከ48 እስከ 75 ከሆነ ጌሙ ከ48 ፍሬም በታች ሲወርድ ማመሳሰሉ ይቋረጣል። ታችኛውን ወደ 37 ማውረድ ከቻላችሁ ላይኛው ከእጥፉ ስለሚበልጥ ካርዱ ፍሬም እየደገመ ክፍተቱን መሙላት ይችላል። በዲስፕሌይ ፖርት ከሆነ ከላይ «ኤዲት» ብላችሁ «ሬንጅ ሊሚትስ» ውስጥ ነው የምትቀይሩት፤ በኤችዲኤምአይ ከሆነ ኤክስቴንሽን ብሎኩ ውስጥ ባለው የፍሪሲንክ መረጃ ነው። ስክሪኑ መብራቱ መርገብገብ ከጀመረ አበዛችሁት፤ መልሱት።

ጌሞች ብዙ ጊዜ የራሳቸው ሴቲንግ አላቸው። ዊንዶውስ ላይ 75 አድርጋችሁ ጌሙ ውስጥ 60 ከተመረጠ ጌሙ ያሸንፋል። «ፉል ስክሪን» ሲባል ሪፍሬሽ ሬቱንም እዚያው ፈትሹ።

ሊኑክስ ላይ ኤክስ11 (የቆየው የሊኑክስ የስክሪን ሥርዓት) የምትጠቀሙ ሰዎች ይህን ሁሉ «ኤክስራንድር» በሚባለው ትእዛዝ ትሠሩታላችሁ። ቁጥሮቹን የሚያሰላላችሁ «ሲቪቲ» የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለ። የሪዱስድ ብላንክ አማራጩ ግን ለ60 ሄርዝና ለብዜቶቹ ብቻ ስለሆነ ለ75 አይረዳችሁም። ዌይላንድ በሚባለው በአዲሱ ሥርዓት ላይ በኤክስራንድር ይህን ማድረግ አይቻልም።

የግራፊክስ ድራይቨር ስታድሱ የኤንቪዲያው ከስተም ሪዞሉሽን ሊጠፋ ይችላል፤ እንደገና ትሠሩታላችሁ። የሲአርዩው አብዛኛውን ጊዜ ይቆያል። ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት ከቀየራችሁ ግን ሞኒተሩ በየመስመሩ የተለያየ ዝርዝር ሊሰጥ ስለሚችል፣ ሲአርዩ ውስጥ እንደ አዲስ ሞኒተር ልታገኙት ትችላላችሁ።

ሞኒተሩን ለሌላ ሰው ብትሰጡት ወይም ብትሸጡት ያወጣችሁት 75 ሄርዝ አብሮት አይሄድም። ያለው ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩን የምትሸጡት ከሆነ ግን ከማስረከባችሁ በፊት «ሪሴት ኦል»ን ከፍታችሁ ሪስታርት አድርጉት። አለበለዚያ ገዢው ያንኑ ዓይነት ሞኒተር ሰክቶ ስክሪኑ ቢጨልምበት ስልክ የሚደውለው ለእናንተ ነው።